ስንት ሚሊዮን ሰው ብሎታል?

ባለፈው ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ላፕቶፑን እንደከፈተ በክንዱ ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። በእንግሊዝኛ የጻፈውን ሪፖርት ሳርም «ዲስከስድ ኦን ዚ ኢሹ» የሚል ነገር አግኝቼ «ኦን»ን ሰርዤበት ነበር። «በጉዳዩ ላይ ተወያዩ» ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛው ግን «ዲስከስ» ተሻጋሪ ግሥ ስለሆነ ተሳቢውን ያለ መስተዋድድ ይቀበላል፤ «ዲስከስድ ዚ ኢሹ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ልጁ አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ ይኸው ይዩት» ብሎ ስክሪኑን አዞረልኝ። «ዲስከስ ኦን»ን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ ጉግል ላይ ፈልጎታል። ከውጤቶቹ በላይ ኮማው የበዛ ቁጥር ተቀምጧል።

«ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ ነው?»

የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማረ፣ እቤቱ ግን በእንግሊዝኛ ተጣልቶም ታርቆም የማያውቅ ሰው «እንዲህ ይባላል ወይስ አይባልም?» የሚለው ጥርጣሬ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። የሰዋስው መጽሐፍ ሕጉን ይነግረዋል እንጂ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ አንድ በአንድ አይዘረዝርለትም። አጠገቡ ዞር ብሎ የሚጠይቀው ባለቋንቋ የለም፤ ያለው ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ሁለት አማራጭ ሐረጎችን ይጽፋል፣ ቁጥራቸውን ያስተያያል፣ የበዛለትን ይወስዳል። ተርጓሚው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ተማሪ፣ የፕሮጀክት ሰነድ የሚያረቅቀው ባለሙያ፣ ሁሉም ሳይነጋገሩ የደረሱበት ዘዴ ነው። እኔም ለዓመታት ሠርቼበታለሁ፤ ከአንድ ጊዜ በላይም አሳፍሮኛል።

የዘዴው መነሻ ሐሳብ ግን ትክክል ነው። አንድ አባባል የተለመደ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የተናጋሪዎቹ አፍ ነው፤ ሌላ ዳኛ የለውም። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ማይክል ሃሊዴይ በ1960ዎቹ ያነሳው የሻይ ምሳሌ ዛሬም በየቋንቋ ትምህርት ክፍሉ ይጠቀሳል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዞች ቅጠሉ የበዛበትን ሻይ «ስትሮንግ ቲ» ይሉታል። «ፓወርፉል» የሚለው ቃልም ያው ብርቱ፣ ኃይለኛ ማለት ሆኖ ሳለ «ፓወርፉል ቲ» ግን አይሉም። መኪና ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ «ፓወርፉል» ያስኬዳል፣ «ስትሮንግ» ጆሮ ይቆረቁራል። እኛስ ብንሆን ወፍራም ሻይ፣ ቀጭን ሻይ አይደል የምንለው? ይህንን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የወሰደ ሰው ስለ ሻይ ሳይሆን ስለ ሰው ገላ የሚያወራ ይመስላል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የሚያገኘው መልስ «ስለሚባል» የሚል ብቻ ነው።

«ይባላል» ከተባለ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚባል መቁጠር የማይቀር ነው። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ኩቸራና ኔልሰን ፍራንሲስ በ1961 ከታተሙ የአሜሪካ ጽሑፎች 500 ቁራጮችን መረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ 2,000 ቃል ገደማ ነበረው። ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር አስገብተው የ1 ሚሊዮን ቃል ክምችት አደረጉት፤ ባለሙያዎቹ ኮርፐስ የሚሉት ይህን ዓይነቱን ክምችት ነው። ለዘመኑ ጉድ ነበር። ግን 1 ሚሊዮን ቃል ማለት የ10 ወፋፍራም መጻሕፍት ይዘት ነው። «ዘ» እና «ኦቭ»ን የመሳሰሉት ሞልተው ይፈስሱበታል፤ ሁለት አልፎ አልፎ የሚመጡ ቃላት ጎን ለጎን የተቀመጡበት ቦታ ግን ጭራሽ ላይገኝ ይችላል። በ1994 የተጠናቀቀው የብሪታንያ ብሔራዊ ኮርፐስ መጠኑን ወደ 100 ሚሊዮን ቃል አሳደገው፤ ከመቶው አሥሩም ከንግግር የተቀዳ ነበር። ለብዙ ጥያቄዎች እሱም ጠበበ። በዚያው ጊዜ ድረ ገጽ የሚባል፣ ማንም ያልመረጠው፣ ማንም ያልቀነበበው የጽሑፍ ውቅያኖስ ተከፍቶ ነበርና ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ።

ሊቃውንቱም ተስፋ ያደረጉት በከንቱ አልነበረም። በ2003 ፍራንክ ኬለርና ሚሬላ ላፓታ ባሳተሙት ጥናት በኮርፐስ ውስጥ የተገኙም ያልተገኙም የሁለት ቃላት ጥምረቶችን ከፍለጋ ሞተር በተወሰደ ቁጥር መዝነዋል። በኮርፐሱ ለተገኙት፣ ከድሩ የመጣው ቁጥር ከኮርፐሱ ቁጥር ጋር ይዛመድ ነበር፤ ሰዎች «ይህ ያስኬዳል፣ ይህ አያስኬድም» ብለው ከሰጡት ፍርድ ጋርም ይሄድ ነበር። ይህን ለወጣቱ ብነግረው ደስ ባለው! ነገር ግን እነሱ ብዙ ጥምረቶችን በአንድ ላይ መዝነው አጠቃላይ ዝንባሌውን ነው ያዩት። አንዱ ቁጥር ወደ ላይ ቢሳሳት ሌላው ወደ ታች ተሳስቶ ያቻችለዋል። የእኛ ልጅ ግን የያዘው አንድ ሐረግና አንድ ቁጥር ነው። በጅምላ የሚሠራ ሚዛን ለችርቻሮ ሲውል እንደሚያጭበረብር ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል።

ለመሆኑ ያ ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው? መጀመሪያ ነገር፣ የተቆጠረ አይደለም። ከጎኑ «ገደማ» የምትል አንዲት ቃል አለች፤ ሁላችንም ሳናነባት የምናልፋት። የፍለጋ ሞተር መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደምናገኘው የቃላት ማውጫ ያለ ነገር አለው። ለእያንዳንዱ ቃል ቃሉ የሚገኝባቸው ገጾች ዝርዝር ይያዝለታል፣ ዝርዝሩም ተከፋፍሎ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል። አንድ ሐረግ ስንጠይቀው ዝርዝሮቹን ያገናኛል። ሥራው ግን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ አሥር ጥሩ ገጾች ማቅረብ እንጂ የሐረጉን የሕዝብ ቆጠራ ማካሄድ አይደለም። የሚበቃውን ያህል ካየ በኋላ ቀሪውን ካየው ተነሥቶ ይገምታል። ጤፍ የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ላይ እፍኝ ዘግኖ ነጭ መሆኑን አይቶ «ማኛ ነው» ብሎ እንደመፍረድ ነው። ከሥር ሰርገኛ ይኑር አይኑር ያልዘገነው አያውቅም።

ይህን ማንም ሰው እቤቱ ሊፈትሸው ይችላል። በመቶ ሺዎች ውጤት አለው የተባለ ሐረግ ይፈልግና ገጾቹን እየገለበጠ እስከ መጨረሻው ይሂድ። ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ውጤቶች ላይ ሲደርስ ዝርዝሩ ያልቃል። ለፍለጋ ሞተሩ ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሺኛውን ውጤት የሚፈልግ ደንበኛ የለውም። ቁጥሩም ቢሆን ጠዋትና ማታ፣ እዚህና ውጭ አገር፣ አንዳንዴ በመጀመሪያውና በአምስተኛው ገጽ መካከል ይለያያል።

በ2005 መጀመሪያ ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ዣን ቬሮኒ ያሳየው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ለጉግል ከሁለት የአገሩ ፖለቲከኞች ስም መጀመሪያ «ሺራክ»ን ብቻ ሰጠው፤ ቀጥሎ «ሺራክ ወይም ሳርኮዚ» ብሎ ጠየቀው። «ወይም» ስንል የመጀመሪያው ውጤት ሁሉ በሁለተኛው ውስጥ አለ፣ የሳርኮዚም ይጨመርበታል፤ ቁጥሩ ሊጨምር ካልሆነም ባለበት ሊቆይ እንጂ ሊቀንስ አይችልም። ቀነሰ። የአንደኛ ክፍል መደመርን የማያከብር ቁጥር የሰዋስው ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ ነው እንግዲህ። ከሁለት ዓመት በኋላ የብሪታንያው የኮምፒውተር ሥነ ልሳን ባለሙያ አዳም ኪልጋሪፍ «ጉግሎሎጂ መጥፎ ሳይንስ ነው» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አወጣ። ከክሶቹ አንዱ እዚህ በጣም ይጠቅመናል፤ የፍለጋ ሞተር የሚቆጥረው ገጾችን እንጂ ሐረጉ የተጻፈባቸውን ቦታዎች አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ አርባ ጊዜ የተጻፈ አንድ ተብሎ ይያዛል። በሌላ በኩል አንድ ድርጅት በየገጹ ግርጌ የለጠፋት አንዲት የተሳሳተች መስመር እልፍ ሆና ልትቆጠር ትችላለች።

እስቲ ይህ ሁሉ ይቅርና ቁጥሩ ልክ ነው ብለን እንቀበል። የምን ቁጥር ነው?

የፍለጋ ሞተር በአብዛኛው ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አያይም። ለእሱ ጽሑፍ ማለት በተከታታይ የተሰለፉ ቃላት ናቸው። እንግሊዞች ራሳቸው የሚሳሳቱትን ዝነኛ ስሕተት እንውሰድ። «ኩድ ሃቭ» በንግግር ሲያጥር «ኩድ ኦቭ»ን ይመስላል፤ ስለዚህ ብዙ ባለቋንቋዎች በሰሙት መሠረት «ኩድ ኦቭ» ብለው ይጽፉታል። (እኛ ይህን አንሳሳትም፤ እንግሊዝኛን በጆሮ ሳይሆን በዓይን የተማርን ነንና። ከባለቋንቋው የምንበልጥባት አንዲት ነገር ነች፣ ሳልጠቅሳት አላልፍም።) ይህ ስሕተት ስንት ጊዜ እንደተፈጸመ ለማወቅ «ኩድ ኦቭ»ን በጥቅስ ብንፈልግ ግን «ዩ ኩድ፣ ኦቭ ኮርስ» የሚለው፣ «እርግጥ ነው፣ ትችላለህ» ማለት የሆነው ጨዋ እንግሊዝኛ ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል። መሃል ላይ ያለችው ነጠላ ሰረዝ አልታየችም። ስሕተቱም ትክክሉም በአንድ ጆንያ ታጭቀው ተመዘኑ ማለት ነው።

ወደ ልጁ ስክሪን የተመለስነው በዚህ ዓይን ነው። «ቁጥሩን ተወውና መስመሮቹን አንብብልኝ» አልኩት። አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። በመጀመሪያው ላይ መሪዎች ሰኞ ዕለት የሚወያዩበት ጉዳይ አለ፤ «ዲስከስ ኦን መንደይ»። በሁለተኛው በስልክ እንወያይ የሚል፤ «ዲስከስ ኦን ዘ ፎን»። ከዚያ በዙም፣ ከዚያ በፌስቡክ። «ኦን» በእንግሊዝኛ ቀንንም፣ መድረክንም፣ መሣሪያንም የምታስከትል ቃል ስለሆነች «ዲስከስ» ባለበት ሁሉ ብቅ ትላለች። የሚወያዩበትን ጉዳይ ግን አታመለክትም። ልጁ የፈለጋት፣ «በጉዳዩ ላይ» የምትለዋ «ኦን» የመጣችው ስንት መስመር ካለፈ በኋላ ነው፤ ስትመጣም ከየት እንደመጣች አይቶ ሳቀ። የአገር ቤት ተቋም ዜና ነበረች።

ሳቁ ገባኝ። አማርኛችን «በጉዳዩ ላይ» ሲል «ኦን»ን፣ «ስለ ጉዳዩ» ሲል «አባውት»ን ያቀብለናል። ሐረጉ በእኛ ጽሑፎች ውስጥ በብዛት መገኘቱ የእንግሊዝኛን ልማድ አይመሰክርም፤ የአማርኛን እንጂ።

የ«ዲስከስ አባውት» ጉዳይ ደግሞ ሌላ ቀልድ አለው። እሱን በጥቅስ ስንፈልግ ከላይ ከሚደረደሩት ገጾች ብዙዎቹ «ዲስከስ አባውት አይባልም» ብለው የሚያስተምሩ ናቸው። ስሕተቱን ለመንቀፍ የጠቀሰው መምህር ሐረጉን ከተጠቀሙት ጋር አብሮ ተቆጠረ። አንድ ስሕተት የቱን ያህል ከታወቀና ከተወገዘ ቁጥሩ ያንኑ ያህል ይጨምራል። በቁጥር ብቻ ለሚፈርድ ሰው ውግዘቱ ምርቃት ሆኖ ይታየዋል።

ቋንቋ የሚቀላቀልበትም መንገድ አለ። «ኢንፎርሜሽን» በእንግሊዝኛ የማይቆጠር ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ «ስ» ጨምሮ ማብዛት እኛም ፈረንሳዮችም የምንሠራው ስሕተት ነው። ፈረንሳዮቹ ግን በራሳቸው ቋንቋ ሲጽፉት ስሕተት አይደለም። የፈረንሳይኛው ብዙ ቁጥር ፊደል በፊደል ያው ነው። ጀርመኖችም ሁለት ስሞችን በሰረዝ ሲያያይዙ፣ ለምሳሌ «የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ» ለማለት፣ ያንኑ ቃል ያንኑ «ስ» ጨምረው ይጽፉታል። «ኢንፎርሜሽንስ»ን ፈልጎ በቁጥሩ ብዛት የተደሰተ ሰው የፓሪስንና የበርሊንን መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ለእንግሊዝኛው ምስክር አድርጎ ጠርቷል።

እዚህ ላይ ለራሳችን ቋንቋ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዚሁ ዘዴ አማርኛን ለመመዘን የሚሞክር ሰው ገና ከበሩ ይሰናከላል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሃይ» ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሃሌታውን «ሀ»፣ ሐመሩን «ሐ» እና ብዙኃኑን «ኀ» እየቀያየርን ስንጽፍ አንዱ ቃላችን በየስርቻው ይበታተናል። በዚያ ላይ «በ»፣ «የ»፣ «ከ»፣ «ስለ» ከስሙ ፊት ተጣብቀው፣ «ን» እና «ም» ከኋላው ተለጥፈው ሌላ ቃል ያስመስሉታል። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ልመለስ።

እስካሁን ቁጥሩን ስኮንን ቆየሁ። ታዲያ ዘዴው ጭራሽ ይጣል? አይጣል። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው የሚያገኘውን ድጋፍ መናቅ አያዋጣውም። የእኔ ፍርድ፣ ፍለጋው ጥሩ ነው፣ ቁጥሩ ነው የማይረባው። ከቁጥሩ በታች ያሉት ሃያ መስመሮች ከላይ ካለው ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ ማን እንደጻፋቸው፣ የት እንደተጻፉ፣ ከሐረጉ በፊትና በኋላ ምን እንዳለ ያሳያሉና። ቁጥርን ማየት ግድ ከሆነም ብቻውን ማየት ዋጋ የለውም። አንዱ ሐረግ 2 ሚሊዮን አመጣ ቢባል ብዙ ይመስላል፤ ተቀናቃኙ 200 ሚሊዮን ካመጣ ግን አንድ ለመቶ ነው፣ ያውም የግምቱ ስሕተት ሳይታሰብ። ልዩነቱ በመቶ እጥፍ ሲሆን አንድ ነገር ይነግረናል። በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ ሲሆን ግን ጆሮን መድፈን ይሻላል።

የጻፈውን ሰው አገር ማጥበብም ይቻላል። ፍለጋውን የብሪታንያ ጎራ (ዶሜይን) ባላቸው ድረ ገጾች ብቻ፣ ወይም በአሜሪካ የትምህርት ተቋማት ጎራ ብቻ መወሰን የሚያስችል ትእዛዝ አለ። «ነጥብ ኮም» የሆነው ሁሉ አገሩ ስለማይታወቅ ይህ የተሟላ ወንፊት አይደለም፤ ሆኖም ከባዶ ይሻላል።

ከዚህ አልፎ መሄድ ለሚፈልግ ትክክለኛው መሣሪያ ኮርፐሱ ራሱ ነው፤ ዛሬ በነጻ ተመዝግቦ በመጠኑ መጠቀም ይቻላል። በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ዴቪስ ያሰባሰበው የዘመናዊ አሜሪካ እንግሊዝኛ ኮርፐስ ከ1990 እስከ 2019 ያሉ ጽሑፎችንና ንግግሮችን የያዘ፣ ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃላት ያለው ነው። ልብ ወለዱ፣ ጋዜጣው፣ የምሁራን መጽሔቱ እየተለየ ስለተቀመጠ አንድ ሐረግ የመንገድ ወሬ ይሁን የጥናት ወረቀት ቋንቋ ወዲያው ይለያል። የሚሰጠው ቁጥርም የተቆጠረ ነው፣ በሚሊዮን ቃል ስንት ጊዜ እንደሚገኝም ይናገራል። በ2010 መጨረሻ የተከፈተው የጉግል የመጻሕፍት ኤንግራም መመልከቻ ደግሞ አንድ ሐረግ በየዓመቱ በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን ድርሻ በመስመር ስሎ ያሳያል፤ የአሜሪካውንና የብሪታንያውን ለየብቻ ማየት ይቻላል። ከ40 ባነሱ መጻሕፍት የተገኘ ሐረግ አይታይበትም፣ ያረጁ መጻሕፍት ሲነበቡም ኮምፒውተሩ ፊደል ያሳስታል።

እኔን ከሁሉ የሚስበኝ ግን ያው ዴቪስ በ2013 ያወጣው የዓለም አቀፍ የድር እንግሊዝኛ ኮርፐስ ነው፤ 1.9 ቢሊዮን ቃል፣ ከ20 አገሮች። ሕንድ አለች፣ ናይጄሪያ አለች፣ ጋና፣ ኬንያ፣ ታንዛንያ አሉ። እዚያ ገብቶ «ዲስከስ አባውት»ን የሚፈልግ ሰው ጥያቄው ራሱ ይለወጥበታል። «ይህ እንግሊዝኛ ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህ የየትኛው አገር እንግሊዝኛ ነው?» ይላል። ኢትዮጵያ ከ20ዎቹ ውስጥ የለችም። እንግሊዝኛን ዩኒቨርሲቲውም ባንኩም አየር መንገዱም የሚጽፍበት አገር፣ የራሱን እንግሊዝኛ ልማድ ቆጥሮ የሚያሳየው ሰንጠረዥ እዚያ አላገኘም። ምናልባት «ዲስከስ ኦን» አንድ ቀን «የእኛ እንግሊዝኛ» ተብሎ ይመዘገብ ይሆናል፤ ሕንዶች የራሳቸውን አስመዝግበዋል። እስከዚያው ድረስ ግን ውጭ ለሚሄድ ሪፖርት «ኦን»ን መሰረዜን አልተውም።

ልጁ ያን ዕለት ላፕቶፑን ዘግቶ ሄደ። ሐሙስ ዕለት ተመለሰ። አሁን የያዘው «ከዚህ የተለየ» ለማለት የሚጻፈውን ነው፤ «ዲፈረንት ፍሮም»፣ «ዲፈረንት ቱ»፣ «ዲፈረንት ዛን»። ሦስቱም ባለቋንቋዎች አሏቸው። የመጀመሪያው በሁሉም ዘንድ ይሠራል፣ ሁለተኛው ወደ ብሪታንያ ያደላል፣ ሦስተኛው ወደ አሜሪካ። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ የሚሄደው ለንደን ነው ዋሽንግተን?»

«ሁለቱም ጋ» አልኩት።

«ፍሮም» ብሎ ጻፈና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።